አሥር አለቃ፣ የውሃ ቦቴ ሾፌር

ለምወድህ፣ አሁን ግን እጅግ ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? የወገብህ ሕመም እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ለትልቋ መነጽር ታዞላታል ብለኸኝ ነበር፤ ታደርገዋለች ወይስ እንዳንተ ኪሷ ውስጥ ትደብቀዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ነበር፤ ኪኒኑን በሰዓቱ ስለምውጥ ተመልሷል። ጣሪያውም አጥሩም ደህና ነው። አባባ ብቻ የለም።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ አቋረጥከኝ፤ ቀጥሎ አለቀስክ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከቀብሩ ልጀምር። የአባባን የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ጸጥ ሲል የአጎታችን ልጅ ስልኩን አወጣና አንተ የላክህለትን በድምፅ ማጉያ ያነብ ጀመር። “ጀግናው መቶ አለቃ” አለ። “ጦር እየመራ ምሽግ የሰበረ” አለ። ከሳጥኑ ፊት የቆመው ትልቁ ፎቶግራፍ ያው የምናውቀው ነው፤ ትከሻው ላይ ግን በኮምፒውተር ኮከብ ተለጥፎበታል። የግራው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ለውሸቱ እንኳ ማስመሪያ ጠፋ?

አባባ ቦቴ ሲነዳ ረዳቱ የነበሩት ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ጥቂት ሰሙና በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። አጠገባቸው ያለችውን ጎረቤታችንን “ልጄ፣ የማን ቀብር ነው የመጣሁት? እኔ የአባ ቦቴን መስሎኝ ነበር” አሏት። “ተቀመጡ አባቴ፣ የእሱ ነው” ብትላቸው፣ “እሱ ከሆነማ ውሃውን ለማን ጥሎ ነው ምሽግ የሚሰብረው?” ብለው ወጡ። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እያስተማርኩ የተሳሳተን ሁሉ ከመሃል አቋርጬ ያረምኩ ሴት፣ ያን ቀን ቦርሳዬን ጨብጬ ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በስሜ ይመዝገብ።

በማግስቱ ስደውልልህ “እታለም፣ እዚህ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ቀብሩን በቪዲዮ ያዩት ነበር፤ ትንሽ ከፍ ቢል ምን አለበት? ሾፌር ነበር ልበል?” አልከኝ። አዎ። ሾፌር ነበር በል።

አንተ ያኔ ሕፃን ስለነበርክ በቅደም ተከተል ልንገርህ። አባባ አሥራ አንድ ዓመት ለጦሩ ውሃ አመላልሷል። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ከጥይትም ከደብዳቤም ይልቅ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው የእሱን ሞተር ድምፅ ነበር ይላሉ ረዳቱ። አንድ ጊዜ ቦቴው ተመትቶ ሲንዠቀዠቅ፣ ሸሚዙን አውልቆ ቀዳዳውን ወትፎ፣ ደረቱ ራቁት እንደሆነ እየነዳ ደርሷል። ቀኝ ጆሮው የደነቆረው ያን ቀን ነው። ወታደሮቹ ግን ጠጥተዋል።

እናታችን ስትሞት አንተ አራት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት። በዚያው ወር አባባ ለመኮንንነት ትምህርት ተመርጦ ነበር፤ አልሄድም አለ። አለቃው አስጠርተው “አንተ ሰው፣ አብደሃል? ዕድልህን በእግርህ እየረገጥክ እኮ ነው” ሲሉት፣ “ጌታዬ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ጫማውን ማሰር አይችልም” ብሎ ስንብት ጠየቀ። ይህንን የነገሩኝም ረዳቱ ናቸው፤ ከእሱ አፍ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወጣም። እንግዲህ ኮከቡን ስትለጥፍበት ከፍ ያደረግከው መስሎሃል። ስለ እኛ ሲል የተወውን ነገር እንዳልተወው ነው ያስመሰልከው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቃለህ። ሲቪል ሆኖም ያው የውሃ ቦቴ ነበር የሚነዳው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ አሰልፎን ኮሌታችንንና የጫማችንን ማሰሪያ ይፈትሽ ነበር፤ ሁለት ሰው ሆነን “ሰልፉ ተዛብቷል” ይለን ነበር። ግቢው ውስጥ ያለውን በርሜል በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ፣ በሚሰማው ጆሮው አዳምጦ “ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሏል” ሲል፣ እኔ አላምን ብዬ በእንጨት እለካው ነበር። አንድ ቀን አልሳተም። ከብርጭቆው ሥር የተረፈችውን ውሃ እንኳ ሳይደፋ ለበሩ አበባ ያጠጣ ነበር።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሐኪሟ “አባባ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት?” አለችው። ደረቱን ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። “ሩብም የለች” አላት። ነርሷ ሳቀች፤ እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ስላንተ ጠየቀኝ። ሦስቱንም ጊዜ “ሥራ ይዞት ነው” አልኩት። “ሥራ ከያዘውማ ጥሩ ነው” ይለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የመቃብሩን ድንጋይ የሚጠርበው ሰው ከእኔ አንድ ጽሑፍ፣ ካንተ በስልክ ሌላ ጽሑፍ ደርሶት ግራ ገብቶታል። ትናንት ሄጄ ሳነጋግረው መዶሻውን አስቀምጦ “እትዬ፣ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙና አንድ አባት አምጡልኝ” አለኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቆጣ ነበር። እሱ ግን እውነቱን ነው። ወሩ ሳያልቅ መቅረጽ ይጀምራል።

ከእሱ ስመለስ የአባባን የጥይት ሳጥን ከፈትኩ። ያቺን አረንጓዴ፣ ምስማርና ብሎን የሚያጠራቅምባት ይመስለን የነበረችውን። ውስጧ የስንብት ወረቀቱና አንድ የሦስተኛ ክፍል ደብተር አለ። ደብተሩ ያንተ ነው። እኔ ገና ማስተማር የጀመርኩበት፣ አንተም ከክፍሌ የነበርክበት ዓመት። “አባቴ” በሚል ርእስ ጻፉ ብያችሁ ነበር። አንተ “አባቴ መቶ አለቃ ነው። ብዙ ወታደር ያዛል” ብለሃል። ከዘጠኙ ዐረፍተ ነገር አራት ነጥብ የጎደለውን ሁሉ በቀይ አክብቤ፣ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼሃለሁ። “መቶ አለቃ ነው” ከሚለው ሥር ግን አንድም ምልክት የለም።

ልጆቹ “የቦቴው ልጅ” እያሉ ያሾፉብህ ስለነበር አዝኜልህ ነው ያለፍኩት ልል ነበር። አይደለም። መምህራኑ ደብተሩን ቢያዩት፣ የመኮንን ልጅ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ምክንያት ግን አይሆንም። ውሸቱን መጀመሪያ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

ደብተሩን ለወላጅ አስፈርማችሁ አምጡ ማለቴ ልማዴ ነበር። ፊርማው አለ። ከፊርማው በላይ አባባ በእርሳስ የጻፈው ነገር አለ፤ ላጲስ ተደርጎበታል። እሱ ግን እርሳስ ሲይዝ መሪ እንደጨበጠ ነውና ጠልቆ ቀርቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው ተነበበ፦ “አሥር አለቃ ነኝ። የውሃ ቦቴ ሾፌር።” ላጲስ ያደረገበት የማን እጅ እንደሆነ አልጠይቅህም። አባባም አልጠየቀም። ደብተሩን ከስንብት ወረቀቱ ጋር አኑሮ፣ ሁለታችንንም በማግስቱ በር ላይ አሰልፎ ጫማችንን ፈተሸ።

የገጹን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ዋናው እኔ ዘንድ ይቆያል። ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው አንተም ያልከው፣ እኔም ያልኩት አይደለም፤ እሱ ራሱ የጻፈው ነው። ለጠራቢው ይህንኑ ልነግረው ነገ እሄዳለሁ። ካልተስማማህ መጥተህ፣ ድንጋዩ አጠገብ ቆመህ አልስማማም በል። በስልክ አልቀበልም።

ባለቤትህን እንደ እህቴ ሳምልኝ፤ ለአባባ የላከችው ሹራብ ሳይደርስለት ቀርቶ ረዳቱ ለብሰውታል፤ ልክ ሆኗቸዋል። ትንሹን ልጅህን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ ጫማውን ራሱ ማሰር ካልጀመረ አስተምረው። ለትልቋ ግን ሰላምታዬን ብቻ አታድርስ። መነጽሯን አድርጋ ይህን ኮፒ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ታንብበው፤ ሲከብዳት እርዳት። ምን ይላል ስትልህ፣ ጮክ ብለህ ንገራት። ድንጋይ ላይ ላጲስ አይሠራም፤ አንድ ቀን መጥታ ማንበቧ አይቀርም።

የማትረሳህ እህትህ

ከአባባ ቤት፣ በርሜሉ ከሚታይበት መስኮት ሥር
ሐሙስ ረፋድ፣ ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት