በውሉ ያልነበረ ቢርካ

ቅዳሜ

ኮንትራክተሩ አብዲ ሂሳቡን ላከ። ጀማል በር ላይ እንደቆመ አነበበልኝ። የበረቱ ዋጋ እንደ ውሉ ነው፣ ምንም አልልም። ከሥሩ ግን «ቢርካ» የሚል አለ። ቁፋሮ፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ክዳን። እኔና ባሌ ሰዒድ ከእሱ ጋር ስንዋዋል የተነጋገርነው ስለ ላም በረት ነው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ማንም አላነሳም። አሁን ባሌ አፈር ከለበሰ በኋላ ቢርካ መጣ።

ሄጄ እንዳላይ ዒዳ ላይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀኗን ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም። ቦታው ደግሞ ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ በቀብሪበያ መንገድ ነው። ሊሞላልኝ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ፣ አብዲ እሷንም መታገሥ አቃተው። በእኔ ፋንታ የሚወጣ የሚወርደው የሰዒድ ታናሽ ወንድም ጀማል ነው። «ጉድጓዱስ አለ እትዬ፣ ትልቅ ነው። ማን ቆፍር እንዳለው እንጃ» ይላል።

ይህን ከከፈልኩ ሦስቱም ላሞች ይሸጣሉ። ላም የሌለው በረት። ሰዒድ ዕድሜውን ሙሉ ያለመው ይህንን ነው?

እሁድ

አብዲ ጋ ደወልኩ። ሰዒድ ነው ያዘዘኝ አለ። የት ተጻፈ? አልተጻፈም። ማን ሰማ? ማንም። ለምን ለእኔ አልነገረኝም? ወሬውን ወደ ሲሚንቶ ዋጋ አዞረ። የሞተ ሰው አይመሰክርብኝም ብለህ ነው አልኩት። «አባዮ፣ እንደሱ አትበይ» አለኝ። በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው። እህቱ አይደለሁም። ዘጋሁበት።

ከዚያ የሰዒድን ጃኬት አጠብኩ። ንጹሕ ነበር። እጄ ሥራ ፈለገ መሰለኝ።

ሰኞ

የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ኑር ሊዳኙን መጡ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ። ሐጂ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ሶማሌ ሆነው አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሁለታችንንም ሰሙና አብዲን፣ ምስክር ከሌለህ ቁርአን ያዝና ሰዒድ አዝዞኛል ብለህ ማል አሉት።

አብዲ «አልምልም። ገንዘቡ ይቅር» ብሎ ወጣ።

ጀማል «አየሽ? ሌባ ነው!» አለ። ሐጂ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

አሸነፍኩ። ላሞቹ አሉ፣ በረቱ አለ፣ ቢርካውም በነጻ። እራቴን ጥግብ ብዬ በላሁ። ሰዒድ ከሞተ ወዲህ እንዲህ በልቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ደስታዬ አላደረም። ሌባ የሰረቀውን ጥሎ አይሄድም። ሊዋሽ የመጣ ሰው ደግሞ መሐላ ምን ይከብደዋል?

ሌላም ነገር መጣብኝ። ድሮ ሰዒድ በየሳምንቱ የውሃ ቦቴ ፍለጋ ይባዝን ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን ጀማል የቦቴ ገንዘብ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ላሞቹ ምን እየጠጡ ነው አልኩት። ከዚያው ከቢርካው አለኝ። አብዲ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የቆፈረው መስሎት ነበር።

ሐጂ ኑር ጋ ደወልኩ። እሳቸውም የአብዲ ነገር ሲከነክናቸው ነው የዋለው። ነገ ይዤው እመጣለሁ አሉኝ።

ረቡዕ

መጡ። ሐጂ አብዲን መንገድ ላይ ሲያግባቡት ኖሯል። የሙት አማና፣ አደራው፣ ይጠበቃል፣ ሰው የሚያጣላ ከሆነ ግን ይነገራል አሉት። እሱም ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ ነገረኝ።

ሰዒድ ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሲመለስ ጨጓራ ነው ብሎኝ ነበር። አልነበረም። በነጋታው ሥራው ቦታ ሄዶ እውነቱን ለአብዲ ነገረው። እንዲህ አለው፦ «እኔ ስሞት እሷ ዒዳ ትገባለች። ቦቴ ማን ሮጦ ያመጣላታል? ዝናቡ ሳያልፍ ቢርካ ቆፍርልኝ። ውሉ ላይ አትጻፈው፣ ለምን ብላ ትጠይቃለች። እከፍልሃለሁ፤ ለእሷ ግን እንዳትነግራት።» ሳይከፍለው ሞተ። አብዲ ከማለ ለምን የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ተወው።

ሻሼን ነክሼ አለቀስኩ። ሞቱ ብቻ አይደለም ያስለቀሰኝ። ቀናሁ። ባሌ እንደሚሞት ለኮንትራክተር ነግሮ እኔን ደበቀኝ። አንድ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ። አጥሚት የማቀርብለት እኔ። ሲያቃጥለው ጨጓራህ ነው እያልኩ ወተት የማጠጣው እኔ።

አብዲን አውፍ በለኝ፣ በድዬሃለሁ አልኩት። የእጅ ዋጋውን ለሰዒድ ሰደቃ አድርጌዋለሁ አለ። ድንጋዩንና ሲሚንቶውን እኔ እከፍላለሁ። አንዷ ላም ትሸጣለች፣ የቀረውን ከወተቱ ቀስ እያልኩ እጨርሳለሁ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ሸኛቸው።

ዓርብ

ዒዳዬ ትናንት ሞላ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ከጀማል ጋር በሚኒባስ ሄድኩ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። አብዲ እዚያ ጠበቀን።

ቢርካው ከበረቱ በር አጠገብ ነው። በቆርቆሮ ተከድኗል፣ መዝጊያ አለው። ጀማል ላሞቹን ሊያይ ሲሄድ አብዲን ጠየቅኩት። ከረቡዕ ጀምሮ ልጠይቀው የፈለግኩት ይህንን ነው።

«ፈርቶ ነበር?»

መሬት መሬት አየ። «አልፈራም ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፣ አባዮ። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና፣ ደረጃውን ዝቅ ዝቅ አድርገው፣ ጉልበቷን ያማታል አለኝ።»

ሰዒድን ልወቅሰው ነበር የመጣሁት። ለሙት ወቀሳ ባይሆንም መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ባልዲ ይዤ ወረድኩ። ደረጃው እውነትም ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበቴ ምንም አላለኝም። ውሃው ጋ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ያለ እኔ ማልቀሱን እንዴት እንደምለምደው አላውቅም።

ስወጣ ባልዲውን ሞልቼ፣ ነገ ገበያ የምትወጣዋን ላም አጠጣኋት።