የልጄን ባክቴሪያ በበረኪና ላስፈጁት ኃላፊ

ለተከበሩ የዕፅዋት ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። የቢሮዎን ጤንነት እንኳ የበረኪናው ሽታ እስከ መንገድ ስለሚደርስ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ይህችንም ደብዳቤ በሦስት ቀን የጻፍኩ፣ በቤተ ሙከራዎ ትሠራ የነበረችውና ከሁለት ወር በፊት በኩላሊት ሕመም የሞተችው ልጅ እናት ነኝ። ባልደረቦቿ «እመት አፈር» የሚሏት፣ እሷው።

አንደኛ፤ ለቅሶ መጥተው «ሥራዋ አይሞትም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ሥራዋ የሞተው በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ነው። ቲማቲም ሁሉ በአጠውልግ በሽታ ባለቀበት ማሳ ብቻዋን ቆማ ከተገኘች አንዲት ተክል ሥር አውጥታ፣ አራት ዓመት ያራባችውን ባክቴሪያ በበረኪና አስደፉት። ብልቃጦቹ ላይ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ከሁለቱ ቃላት አንዱን ማንበብዎም ቀላል ነገር አይደለም። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ነክሶ ጽዳት ነው የሚል ግን በእርስዎ አየሁ።

ሁለተኛ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ቲማቲሙን ከበሽታ የሚያድነው ነው» ብትልዎ «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» አሏት። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል የሚደፋው ምን እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ሦስተኛ፤ አሁን ደግሞ ማክሰኞ መጥታችሁ በግቢዬ ያለውን «ያልተፈቀደ ባክቴሪያ» እንደምታጸዱ በማኅተም አስታወቁኝ። ልጄ አልጋ ላይ ሳትውል የቲማቲም ችግኞችን ሥር ባክቴሪያው ባለበት ውኃ ነክራ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር በሁለት መደብ ተክላቸው ነበር። የጎረቤቶቼ ቲማቲም ጠውልጎ ሲደርቅ የእሷ ቆሟል። ከድካሟ የተረፈው እነዚያ ሥሮች ላይ ያለው ብቻ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ መደቦቹን ውኃ ላጠጣ ስነሳ ተውኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ እንዳይደክሙ በትህትና አሳውቃለሁ። ትናንት ከየተክሉ ሥር እፍኝ እፍኝ አፈር እያወጣሁ ቲማቲም ለሚተክሉ አሥራ ሰባት ቤቶች ሰጠሁ፤ ችግኙ እንዴት እንደሚነከርም ልጄ እንዳሳየችኝ አሳየኋቸው። እነሱም ለዘመድ ለወዳጅ ማካፈል ጀምረዋል፤ አሁን የት የት እንደደረሰ እኔም አላውቀውም። ማክሰኞ ሲመጡ በረኪናውን በርከት አድርገው ይያዙ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ያልኩትም አረም ልነቅል ስለሆነ በስሕተት እንዳይደሰቱ በማሳሰብ፣

የእመት አፈር እናት

ማስታወሻ፦ ወተትን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው ብላኛለች ልጄ። ቤትዎ እርጎ ሲቀርብልዎ እባክዎን ይጠንቀቁ፤ በረኪና ጠብ ሳያደርጉበት እንዳይጠጡ።