ጥቅምት ዐሥራ አምስት፣ ወረታ ላይ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ባዩ፣

ስደውል አታነሳም፣ መልእክት ስልክልህ አትመልስም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን የምታደርስልህ ሱቄ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች፣ ወደ ሐዋሳ የምትመለስ መምህርት ናት። እጁ ላይ እንደምታስቀምጪው ካልማልሽልኝ ቀሚሱን አልጨርስልሽም ብዬ አስምያታለሁ። አንተም አደራህን፣ መቅደድህ ካልቀረ እስከ መጨረሻው አንብበህ ቅደደው።

እኔ ደህና ነኝ። ቡሄ ካለፈ ሳምንቱ ነው፣ ጭቃው ግን አሁንም ከደጃችን አልወጣም። የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲንጀር መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ። ወገቤ አርጅቷል፤ አፌ ግን እንደምታውቀው ነው።

አሁን አንድ ጉዞ እያቀድኩ ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል። ሁለቱን ቀን የጥንት ነገሥታት ግንብ እናያለን፣ በሦስተኛው በጣና ላይ ወደ ዳጋ ደሴት ጀልባ እንሳፈራለን። «ሠናይት ደግሞ መቼ ቱሪስት ሆነች?» ስትል ከዚህ ይሰማኛል። እቅዱ የእማዬ ነው። እኔ እሷ በለካችው ቆርጬ ሰፋሁት እንጂ አንድም የጨመርኩት ነገር የለም።

የዳጋውን ስለት ስትሰማ ነው ያደግኸው። ግን አንተ ውሃ ውስጥ ስለነበርክ አላየህም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐሙሲት ስንኖር አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ዐሥራ አንድ። እማዬ ጉማራ ወንዝ ልብስ ስታጥብ «ጠብቂው» አለችኝ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ገበጣ ስጫወት፣ አንተ ዳር ላይ የታሰረች የደንገል ታንኳ ላይ ወጥተህ ገመዷን ፈታህ። ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቷል። ታንኳዋ አንድ ጊዜ ዞረችና ባዶዋን ቀረች። እማዬ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ «የዳጋው እስጢፋኖስ! ልጄን አውጣልኝ፣ አድጎ በገዛ እጁ መጋረጃ ያገባልሃል!» ብላ ጮኸች። መረብ ይጥል የነበረ ሰውዬ በጸጉርህ ጎትቶ አወጣህ።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃው በየዓመቱ ሲታሰብ በየዓመቱ ሲቀር ኖረ። አንዴ አጨዳ ሆነ፣ አንዴ የእኔ ሠርግ፣ አንዴ ያንተ ትምህርት። በመጨረሻ ቀዩን ከፋይ ገዝታ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። «ውሃውን መሻገሬ ካልቀረ፣ የንጉሥ ቤት አይቼ ልሻገር» አለች። በልጅነቷ በጭነት መኪና ወደ ማክሰኚት ሲሄዱ፣ እንፍራንዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ አይታ ነበር። «ወርደን እንየው» ብትል ሹፌሩ አልቆመላትም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያን ሹፌር ስትረግመው ኖረች።

ያለፉት ሁለት ዓመታት መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው ሲባል አለፉ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁ። በዚህ ክረምት ግን ሳጥኑን ስከፍት ብል መጋረጃውን ገና ከዳሩ ሲጀምረው ደረስኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ የልክ ደብተሬ ጀርባ ላይ እቅዱን መጻፍ ጀመርኩ።

አራት ጊዜ ሰረዝኩት። መጀመሪያ ጀልባውን አስቀድሜ ነበር። አጎታችን መሪጌታ ካሳሁንም «ደግ አድርገሻል፣ ስለት ይቅደም፤ ግንቡ እንደሆነ የትም አይሄድ» አሉኝ። በኋላ የእማዬን ቃል ሳስታውሳቸው «የሟች ቃል ከሆነማ ምን እላለሁ? ሰማዕቱም ሠላሳ ዓመት ጠብቋል፣ ሁለት ቀን አይከብደውም» አሉ። ስለዚህ እንዲህ ሆነ።

ጥቅምት 14 ባሕር ዳር ገብተህ ታድራለህ። በ15 ጠዋት ሚኒባስ ይዘህ ሐሙሲትን አልፈህ ትመጣለህ፤ የጉማራን ድልድይ ስትሻገር ከፈለግህ ዓይንህን ጨፍን። ወረታ ትወርዳለህ። እኔ ከደብረ ታቦር በዓለም ሳጋ ጫካ በኩል ወርጄ ሁለት ሰዓት ላይ መገንጠያው ጋ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ እንፍራንዝ። ኮረብታውን ቀስ ብለን እንወጣለን፣ አንተም የከተማ ጫማህን እንዳታደርግ። ከላይ ጣና ወለል ብሎ ይታያል ይላሉ። እማዬን ሹፌሩ ያላወረዳት ቦታ ላይ ቆመን ምሳችንን እንበላለን፤ ሹፌሩን የምትረግመው ግን አንተ ነህ፣ እኔ ክፉ ቃል ትቻለሁ። ጎንደር እናድራለን። በማግሥቱ እስከ ምሳ ሰዓት የፋሲልን ግንብ አይተን ወደ ባሕር ዳር እንመለሳለን። በ17፣ በእስጢፋኖስ ቀን፣ ከማለዳው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀልባ።

የጀልባውን ሰው በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ይሻው ይባላል።

«ዳጋ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው» አለኝ። «ጥቅምት ላይ ጠዋት ውሃው ለጥ ይላል፣ ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት ነው። ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ስንመለስ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አስገብቼ ትንሽ ወንዙን አስኬዳችኋለሁ፤ ጉማሬም አይጠፋ።»

«ወንድሜ ውሃ ይፈራል» አልኩት።

«ላይፍ ጃኬት አለ።»

«ሁለት አድርግለት።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላህ አንድ ቀን ጀልባ ረግጠህ አታውቅም አሉ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ፤ አንተ ደግሞ ምንጩንም ከሩቁ ነው የምታመሰግነው። ከዚያ ይሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ዳጋ ላይ ሴት ከወደቡ እንደማታልፍ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። መጋረጃውን የሚያገባው ወንድሜ ነው።»

«ካልመጣም ችግር የለውም። መነኮሳቱ ወርደው ይቀበሉሻል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርግ።»

«ይመጣል» አልኩት። ያልኩትን ራሴም አላመንኩትም።

አሁን መጻፍ ወደማልወደው ደረስኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋሁትም አልረሳሁም ባዩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም።

እማዬ ያረፈችው ጥር 23 ነበር። ሚስትህ ቅድስት ሴት ልጅ የተገላገለችው በሳምንቱ። አንተ የእናትህን ሞት የሰማኸው ደግሞ በአርባዋ፣ ሐዋሳ ያሉ የአገርህ ሰዎች በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በርህን ሲያንኳኩ። በእኛ ዘንድ አራስ ያለችበት ቤት መርዶ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ያንን አስበው ነው የከለከሉኝ ብዬ ነገርኩህ፤ አንተም ከሁሉ ይልቅ መሪጌታን ቀየምካቸው። የእጃቸውን መስቀል ሳትሳለም ተመልሰህ ሄድክ።

ውሸት ነው። ከቀብር እንደተመለስን መሪጌታ በሰው ፊት «ልጁ ይነገረው፣ እናቱ ናት፤ ለሚስቱ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል» ብለው ነበር። ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፣ ደም ይመታታል ብዬ ጮኼ ሁሉንም ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ስታኮርፋቸውም እያየሁ ዝም አልኩ። እሳቸውም እስከ ዛሬ አላጋለጡኝም። ባለፈው ሳምንት ልጽፍለት ነው ብላቸው «ተይ፣ እኔን ቢቀየም እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ» አሉኝ።

ለቅድስት አዝኜ እንዳይመስልህ። እማዬ የታመመችው ስምንት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን «አንች፣ ባዩን ጥሪልኝ፤ ወደ ዳጋ እንሂድ» አለችኝ። «ሚስቱ ልትወልድ ቀኗን ትቆጥራለች፣ ለምን ታስጨንቂዋለሽ? ለፋሲካ ይመጣ የለ» አልኳት። በአራተኛው ቀን ደገመችው። «እሺ፣ እደውላለሁ» አልኳትና አልደወልኩም። ብርድ መስሎኝ ነበር። የምትድን መስሎኝ ነበር። ስታርፍ ግን መርዶውን ብነግርህ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ «ጠርታኝ ነበር?» ነው። ያን ጥያቄ ፈራሁት። ሕመሟን መደበቄ እንዳይታወቅ ሞቷን ደበቅሁ።

ጠርታህ ነበር ባዩ። ሁለት ጊዜ ጠርታሃለች። አንተ እንደምታስበው ሳታስብህ አልሄደችም። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ፈጀብኝ።

ልጅቷ የተወለደች ቀን ደውለህ «እማዬን ስጪኝ፣ አያት ሆነሻል በያት!» ስትል የሐዘን ፍራሹ ገና ከመሬት አልተነሣም ነበር። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አልኩህ። ሌላ ቀን «ተኝታለች» አልኩህ፣ ሌላ ቀን «ገበያ ወጥታለች»። አመንከኝ፤ ታላቅህ ነኛ። በመጨረሻው «እሺ፣ ስሟን እሷ ታውጣላትና ንገሪኝ» አልከኝ። «ርብቃ በሏት ብላለች» አልኩህ። ደስ ብሎህ ስትስቅ ስልኩን ከአፌ አርቄ፣ አንተ እንዳትሰማኝ እያለቀስኩ ነበር።

እውነቱን ስትሰማ መጥተህ እዚሁ በረንዳ ላይ «የሞተች ሴት ስም አወጣች ብለሽ ልጄ ላይ ቀለድሽ» አልከኝ። ያንን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤትህ አወጣኸው። አሁን ትዝታ ነው የምትባለው ብላ ቅድስት ነግራኛለች። መልካም ስም ነው፣ እኔ አልነካውም። ያን ቀን አልመለስኩልህም፤ በምን አፌ? በዚያ ሰሞን ከአፌ የወጣ ነገር ሁሉ ሐሰት በሆነበት፣ ይኼኛው እውነት ነው ብል ማን ያምነኛል?

አሁን ግን ልናገር። በታመመች በአምስተኛው ቀን መጋረጃውን ጨርሼ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። የቀረው ከጠርዙ የቤተሰቡን ስም መጥለፍ ብቻ ነበር። መሪጌታ በዚያ በሚያምር እጃቸው ፊደሉን በጠመኔ እየጻፉ፣ እኔ በላዩ በወርቅማ ክር እጠልፋለሁ። መጀመሪያ የእሷን፣ ፈንታነሽ፤ ከዚያ ሠናይት፣ ባዩ፣ ቅድስት። መሪጌታ ሲያነቡላት በጣቷ ጨርቁን እየዳበሰች ሰማችና «የባዩ ልጅስ?» አለች።

«እማዬ፣ ገና አልተወለደም እኮ» አልኳት።

«ሴት ናት። ርብቃ ብላችሁ ጻፉ።»

መሪጌታ ሳቁባት። «ኧረ አንች ሴት፣ ወንድ ቢሆንስ?»

«ከሆነ ትተርትረዋለቻ! ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ?» አለች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

በእነዚያ ሳምንታት ከነገርኩህ ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። መሪጌታን ጠይቃቸው፤ ያለዚያም መጥተህ ጠርዙን ተመልከት። የእጅ ጽሕፈታቸውን ከልጅነትህ ታውቀዋለህ፤ ፊደል ያስቆጠሩህ እሳቸው ናቸው።

ጥቅምት 15 ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ወረታ መገንጠያው ላይ ነኝ። መንገዱ ከተዘጋ ለኅዳር 15፣ እሱም ካልሆነ ለታኅሣሥ 15። ልጅቷንም ቅድስትንም ይዘህ ብትመጣ ደስታዬ ነው፤ ሴቶቹ ወደቡ ላይ አብረን እንቀመጣለን። ብቻህን ብትመጣም፣ መንገዱን ሙሉ ባታናግረኝም ግድ የለኝም፤ ስለ ሁለታችንም እኔ አወራለሁ። መጋረጃውን ሴት እስከምትደርስበት ድረስ እሸከመዋለሁ። ሽቅብ ያለው ዳገት ያንተ ነው።

ባትመጣም እሄዳለሁ። ወደቡ ላይ ቆሜ እስጢፋኖስን እሳለማለሁ፤ ለመነኮሳቱ ግን አልሰጥም፤ እማዬ «በገዛ እጁ» ነው ያለችው። ይዤው እመለስና በሚቀጥለው ጥቅምት እንደገና ወረታ ላይ እቆማለሁ። ከዳር በኩል ብል ትንሽ ነክቶት ነበር፣ ጠግኜዋለሁ። ርብቃ የሚለው ስም እዚያው ካንተና ከቅድስት ስም ቀጥሎ አለ፤ አልተረተርኩትም።

በድለህ ሳይሆን በድላህ የምትናፍቅህ እህትህ፣

ሠናይት