ቦራ እግሩን እስኪሰጥ

ጥቅምት 4

የአባባ ፈረስ ቦራ ዛሬም እግሩን አልሰጠም። የፊቱን እንኳ... እጄ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ በርግጎ ከግድግዳ ጋር አጣበቀኝ። ትከሻዬ ላይ ሰንበር አለ። ሌላው ደህና ነው።

ሰኮናው ረዝሞ ጫፉ ወደ ላይ ዞሯል። የኋላ ግራውን ሲረግጥ ያነክሳል። ከአባባ ወዲህ ደህና አድርጎ የሞረደው ሰው የለም። አንዴ አያ ሀምዱ ጎረምሶች ጠርቶ፣ በገመድ ጠልፎ ጥሎ፣ በቢላ አስቆረጠው አሉ። ደም እስኪወርደው። እግሩን መንፈግ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ነው። እኔስ ብሆን እሰጣለሁ?

አያ ሀምዱ የአባባ ታላቅ ወንድም ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዛሬ በር ላይ ቆሞ፣ "ልጄ፣ ያነከሰ የጋሪ ፈረስ ምን ይሠራል? ገለባ መጨረስ ነው" አለኝ። "ታዲያ ምን ይደረግ?" ስለው በአገጩ ወደ አስፋልቱ አሳየኝ። ገባኝ። መንገድ ዳር የሚለቀቁትን ፈረሶች አይቻለሁ። ጅብ እስኪመጣ እዚያው ቆመው ይውላሉ።

"ዝናው በኅዳር መጨረሻ ይመጣል። ቆሞ ከተሞረደ ይቆይ። አለዚያ እለቀዋለሁ።" ይኸው ነው ቃሉ። ዝናው ከአምባሰል እየወረደ ሰኮና የሚያስተካክል ሰው ነው። በገመድ ካልተጣለ የማይሞረድ ፈረስ አይነካም አሉ።

ጥቅምት 6

ገብስ በመዳፌ ሰጠሁት። በላ። እጄን ከትከሻው ቁልቁል... ጉልበቱ ጋ አቆምኩ። ለዛሬ ይበቃል።

እማ "በልተሻል?" አለች። "አዎ" አልኳት። አልበላሁም።

ጥቅምት 11

እማን ለምን እንደማስቀይማት አውቃለሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አባባ የሞተው በጥር ነው። እኔ የሰማሁት በመስከረም። ስምንት ወር! ጅዳ ሰው ቤት ልብስ እየተኮስኩ እደውላለሁ። "አባባስ?" "ገበያ ወጥቷል።" "አባባስ?" "እንቅልፍ ወስዶታል፣ አትቀስቅሽው።" ስጨቀጭቃቸው ድምፁን ላኩልኝ። "ራህማዬ፣ አብሽሪ፣ እኛ ሰላም ነን። ቦራም ሰላም ነው..." ደስታዬን አልችለው አልኩ። ለካ ድሮ የላከው ነው። እህቴ ኢቲሳም ከስልኳ ፈልጋ መልሳ የላከችው። እኔ ደግሞ በድምፅ መለስኩለት። "አባባ፣ ድምፅህ ጎርንኗል፣ ጉንፋን ይዞህ ነው?" አልኩት። ማንን ነው ያልኩት?

ስመጣ አያ ሀምዱ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ተቀበለኝ። "ደክሞሻል፣ ዛሬ እኔ ቤት እደሪ።" ሱብሂ ሶላት ላይ ግቢው በሰው ሞላ። መርዶ። የስምንት ወር መርዶ። አላለቀስኩም። ሴቶቹ "ደንግጣ ነው" ተባባሉ። የምን ድንጋጤ! ተናድጄ ነው። እስካሁንም።

ጥቅምት 19

የፊት እግሮቹን ሰጠ! ሁለቱንም! እስከ ሦስት ቆጥሬ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩለት። ዘዴው ገብቶኛል... እሱ ሳይነጥቀኝ እኔ ልመልስለት።

ከዚያ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወስጄ ጭቃው ውስጥ አቆምኩት፣ ሰኮናው እንዲለሰልስ። አያ ሀምዱ አይቶን ሳቀ። "ሰው ፈረስ ይገራል፣ አንቺ ታባብያለሽ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይ!" ይሳቅ።

ጥቅምት 27

የኋላውን እንቢ ካለ አራተኛ ቀኑ። ባልዲውን ረግጦ ሰበረው። እማ ከበር ሆና፣ "አባትሽ ያወራለት ነበር እኮ፣ ዝም ብሎ አይነካውም" አለች። ምን ይለው እንደነበር አልጠየቅኳትም። እንዴት ብዬ?

ግን የአባባ ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ አይደል? እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም! ነገ እሞክራለሁ።

ጥቅምት 28

ምን ነካኝ... ምን ነካኝ።

ስልኩን ጉያዬ አድርጌ ከፈትኩት። "ራህማዬ፣ አብሽሪ..." ቦራ ማኘኩን አቆመ። ጆሮው ቀጥ አለ። የኋላ እግሩን ያዝኩ፣ ሰጠኝ። ወላሂ ሰጠኝ! በደስታ ደግሜ ከፈትኩት። ያኔ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። አሽካካ። እንዲህ ሲያሽካካ ሰምቼው አላውቅም። ገመዱን በጥሶ፣ በሩን በደረቱ ገፍቶ ወጣ። እያነከሰ ሄዶ አባባ ጋሪውን ያቆምበት የነበረው ግራር ሥር ቆመ። ደርሼ ገመድ ሳስገባለት እንኳ አላየኝም። መንገዱን ነው የሚያየው።

ጥቅምት 30

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ውሃ ብቻ። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ማንን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፣ ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ።

የሠሩብኝን ሠራሁበት። እኔስ ሰው ነኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን ተነገረኝ። ለፈረስ ማን መርዶ ይነግረዋል?

ክፋት አልነበረብኝም እኮ። እንዳይለቁት ብዬ ነው። ያ ረቢ... እማም እንደዚሁ ነበረች ማለት ነው?

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 3

በላ። ከእኔ መዳፍ ግን አይደለም፣ ከእማ መዳፍ። ቀናሁ። በፈረስ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ኅዳር 9

ስልኩን ሁለተኛ በረት ይዤ አልገባም። በራሴ ድምፅ ነው የማወራው። ምን ልበለው? ዜማ አልችል፣ ተረት አላውቅ። ስለ ጅዳ ጀመርኩለት። ማዳም መጋረጃ በየሳምንቱ እንደምታስወርደኝ። ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ እንደምተኛ። አንድ ኢድ ቀን በር ቆልፈውብኝ እንደሄዱ... ይህንን ለኢቲሳም እንኳ አልነገርኩም። ቆሞ ይሰማል። የኋላ ቀኙን ሰጠኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ ሁለት።

ኅዳር 16

የኋላ ግራውን፣ የሚያመውን፣ ሰጠ። እማ አንገቱን ይዛለት ነበር። ሳልጠራት ነው የመጣችው።

እግሩን እንደያዝኩ፣ ፊቷን ሳላይ፣ "እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። የቦራን አንገት ስታሻሽ ይሰማኛል።

"ብነግርሽ ማን ይይዝሽ ነበር?" አለች። "እዚህ እኛ ስንወድቅ የሚያነሳን ጎረቤት አለ። አንቺ በሰው አገር፣ በሰው ቤት... አፈር ስሆን አትቆጪኝ። አሁንም ቢደገም አልነግርሽም።"

አሁንም! ይህ ምን ይባላል? እግሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ስወጣ ግን መናደድ እንደ ወትሮው አልመጣልኝም።

ኅዳር 28

ዝናው መጣ። አጭር፣ ጢሙ ሽበት የሆነ ሽማግሌ። ቢላና ሞረድ ብቻ ይዟል። አያ ሀምዱና ኢቲሳም አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። እማ አንገቱን ያዘች። ዝናው እጁን አስሸተተውና፣ "አንቺ አውሪለት፣ እኔ እሠራለሁ" አለኝ።

የፊቶቹ አለቁ። የኋላ ቀኙም። የኋላ ግራው ጋ ሲደርስ ቆዳው ይርገበገብ ጀመር። ወሬ ጠፋኝ። ጅዳም መጋረጃውም ጠፋኝ። "አውሪ እንጂ!" አለ ዝናው።

"አባባ ሞቷል" አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ቦራዬ፣ አባባ ሞቷል። ገበያ አልወጣም። አልተኛም። በጥር ሞቷል።" በራሴ አፍ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። መርዶውን ሰምቼ እንጂ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እማ የፈረሱን አንገት ለቃ እኔን ያዘችኝ።

ፈረሱን አትልቀቂው፣ ሥራው ይበላሻል ልላት ፈልጌ ነበር። የሞረዱ ድምፅ ግን አልተቋረጠም። ቦራ ማንም ሳይዘው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አራተኛውን ለዝናው ሰጥቶት ነበር።

አያ ሀምዱ "በቃ፣ ይቆይ" ብሎ ሄደ አሉ። አልሰማሁትም፣ ኋላ ኢቲሳም ናት የነገረችኝ። እማ ደረት ላይ ሆኜ እያለቀስኩ ነበር።