ለፎቶ የተከፈተው የሕፃናት ማቆያ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ለሠራተኛው የላኩትን የአጋማሽ ዓመት መልእክት ካነበብኩ ወዲህ ስለ እርስዎ ሳስብ ነው የሰነበትኩት፤ ያን ሁሉ ስኬት የተሸከመ ትከሻ መቼም ሳይዝል አይቀርምና እባክዎ ትንሽ ዕረፍት ይውሰዱ።

እኔ የስታቲስቲክስ መምህርት ነኝ። ይበልጥ የሚያውቁኝ ግን በልጄ በኩል ነው፤ በመልእክትዎ ውስጥ «የሕፃናት ማቆያችን ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀምሯል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር በላይ ባለው ፎቶ፣ ቢጫ የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ተቀምጣ የምትስቀው ሕፃን የእኔ ናት። ስለ ማቆያው መከፈት ከልብ አመሰግናለሁ። እኛ ሁላችንም ሰምተናል፤ በሩ ብቻ ነው እስካሁን ያልሰማው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1. ፎቶው ስለተነሣበት ቀን። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ልጆቻችንን አሳምረን አልብሰን እንድናመጣ በስልክ ሲነግረን እኛ እናቶች በደስታ የምንሆነውን አጥተን ነበር። ክፍሉ በእውነት ያምራል፤ ምንጣፉ አዲስ፣ ፍራሾቹም ገና ከነላስቲካቸው። ፎቶ አንሺው «በቃ» ከማለቱ የጎረቤት መዋዕለ ሕፃናት ጥበቃ መጥቶ ፈረሱን ከልጄ ሥር ስቦ ወሰደው፤ ለካ በውሰት ኖሯል። የልጄ ልቅሶ በመልእክትዎ ውስጥ እንዳይካተት አዘጋጆቹ ያደረጉትን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም።

2. መልእክትዎ በወጣ ማግስት ዳይፐርና ጡጦ በቦርሳ አጭቄ፣ ልጄን አዝዬ ማቆያው በር ላይ ተገኘሁ። ተቆልፏል። ንብረት ክፍል ሞግዚት ሳይቀጠር ቁልፍ አንሰጥም አለኝ። የሰው ሀብት ኃላፊው ደግሞ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ እህቴ፣ ሥራ ጀምሯል ብለን ሪፖርት ካደረግን በኋላ ማስጀመሪያ ሰው ይቀጠርልን ብለን በምን አፋችን እንጠይቃለን አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ፍራሾቹ ላይ አሮጌ ወንበሮችና ያለፈው ምርቃት ባነሮች ተጋድመዋል፤ እነርሱ እንኳ እንቅልፍ በማግኘታቸው ደስ ብሎኛል።

3. እስካሁን ልጄን የሚይዙልኝ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለመጣ በወሩ መጨረሻ ወደ ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ። በቅርቡ አንድ ቀን ቢያማቸው ሕፃኗን አዝዬ ክፍል ገባሁ፤ ተማሪዎቼ እየተቀባበሉ ያዙልኝና ትምህርቱ በሰላም አለቀ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ግን ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ፤ ዳግም ይዣት ከመጣሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር የማስተምረው ኮርስ አይኖርም። ማቆያ እያለ ልጅ ክፍል ይዞ መግባት ምን የሚሉት ነው ብለዋል። ለማስረጃ ያያያዙት የመልእክትዎን ገጽ ነው፤ የገዛ ልጄን ፎቶ።

4. አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ተናድጄ ጠፋኝ።

ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬን ለአፍታ ላስቀምጠው። ማስተማር እወዳለሁ። ቁጥር የሚያስፈራው ተማሪ ድንገት ሲገባውና ፊቱ ሲበራ ማየትን የመሰለ ነገር አላውቅም። በወሩ መጨረሻ ግን ወይ ልጄን ወይ ሥራዬን ልተው ነው፤ ልጄን እንደማልተው ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ። ደክሞኛል፣ ተቃጥያለሁም። ሥራዬን የለቀቅኩ ጊዜ «የሴት መምህራንን ቁጥር ለማሳደግ ቁርጠኞች ነን» የሚለውን ገጽ እንደገና ማስላት ሊኖርብዎ ነው፤ ለማደርስብዎ መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ቁልፍና አንዲት ሞግዚት ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ማቆያው አልተከፈተም ብለው በአንድ መስመር ይጻፉልን፤ ቢያንስ በኃላፊዬ ፊት ውሸታሟ እኔ አልሆንም።

ልጄ እንዳትነቃብኝ ቀስ ብዬ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

በመልእክትዎ «ደስተኛዋ ተጠቃሚ እናት» የተባልኩት
መምህርት

ከፊርማ በኋላ፦ ልጄ መራመድ ጀምራለች። የጀመረችው መልእክትዎን አዳራሽ ሰብስበው ባነበቡልን ዕለት ነው፤ የመጀመሪያ እርምጃዋን ያዩላት እማማ ናቸው። ወዲያው ሊያበሥሩኝ ደጋግመው ቢደውሉም ስልኬን አልሰማሁትም፤ እርስዎ ማቆያው ተከፈተ ሲሉን፣ አምኜዎት፣ ከሁሉም አስበልጬ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።