በአብዱልቃድር ፍሪጅ ውስጥ

ልጄ ሰልማ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ በሴቶች ሆርሞን ላይ የያዝሽውንም ጥናት ያቅናልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ የደባርቅ ብርድ ግን ዘንድሮ በርትቷል።

አንቺ ግን አናደድሽኝ። ጎንደር ያሉት ሐኪም ለእህትሽ ለዘኪያ ልጅ እንድትይዝ መርፌ ሲያዙላት፣ በስልክ እያንሾካሾክሽ «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማንም እንዳይሰማ» አልሽን። እስቲ አሁን በእኛ ሰፈር ከባለሱቁ ከአብዱልቃድር በቀር ፍሪጅ ያለው ማን ነው? እኔማ መስኮት ላይ ላሳድረው ብዬ ነበር፤ ነርሷ ውርጭ ከነካው ይበላሻል ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ አብዱልቃድር ዘንድ ከለስላሳው መሀል አስቀመጥነው። ለስላሳ የገዛ ሁሉ የማን መድኃኒት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ በሳምንቱ ገበያው በሙሉ ሰማ። ዘኪያም ከቤት አልወጣም ብላ አለቀሰች።

ትናንት መርፌውን ላመጣ ብሄድ ፍሪጁ ውስጥ ከእኛው ሌላ አራት ፌስታል አገኘሁ። በውስጣቸው ያለው የመድኃኒት ካርቶን ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አብዱልቃድር የማን እንደሆኑ አልነገረኝም፤ ለስላሳውን ግን አውጥቶ ደጅ ደርድሮታል።

አላህ እውቀትሽን ያብዛልሽ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ጁምዓ ስትደውዪ የምንጠብቅሽ ሱቁ ውስጥ ነው፤ የሚጠይቁሽ ሴቶች አሉና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ።

እናትሽ