የፊተኛው ጭቃ

እሁድ፣ ሰኔ 29

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ። ከተመረቅኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ ሲቪ ያልላክሁበት መሥሪያ ቤት የቀረ አይመስለኝም። ዛሬ ደግሞ ለአንድ አበባ እርሻ ላክሁ። ሲቪል ኢንጂነር ለአበባ ምን ያደርጋል? እኔ እንጃ... አጥር አጥርላቸዋለሁ።

ምሳ ላይ ሀጀር ጉድ አመጣች። ታናሽ እህቴ ናት፤ አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት የተቀመጠች። ተማሪ እያለች ትሮጥ ነበር፣ ጨዋታ መስሎን። ለካ የምሯን ነው። አያት ሜዳ ላይ ልጆች የምታሠለጥን ገንዘቤ የምትባል ሴትዮ አለች። «መስከረም ላይ አንድ ክለብ አሥር ኪሎ ሜትር አሩጦ ሊመርጥ ነው፤ ክረምቱን በደንብ ከሠራሽ ተስፋ አለሽ» ብላታለች።

አባ ሊጎርስ ያነሳውን መለሰው።

«በዚህ ዝናብ?»

«ዝናቡ ለሁሉም ነው አባ።»

«በጨለማ?»

«ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ይነጋጋል።»

«ብቻሽን አትወጪም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እማ ሳትቀር። እዚህ ቤት ሥራ የሌለው ማን ነው?

«ሱፍያን አብሯት ይውጣ። እስከ መስከረም። ክለቡ ከወሰዳት እሰየው። ካልወሰዳት ኮሌጅ ገብታ አካውንቲንግ ትማራለች፤ የሩጫ ወሬ እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም።»

በላን። ሀጀር እጄን እያስታጠበች «አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። እኛ ቤት ታላቅ በባዶ ስሙ አይጠራም። ታላቅ ሳይጎርስ አይጎረስም፣ ታላቅ ሳይገባ በር አይገባም። ጓደኞቿ ይስቁባታል። ለእኔ ግን ተመችቶኛል፣ ምን ልዋሽ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ወጣን። ከጉርድ ሾላ በሲኤምሲ መንገድ ወደ አያት። ጉም ነው፤ የመብራት ምሰሶው አናቱ አይታይም። ባቡሩ እንኳ ገና አልተነሳም።

ሯጮች ጎን ለጎን አይሮጡም አለችኝ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግሩን እግሩን እያየ ይከተላል። «አንተ ምራኝ።» እሺ፣ መራሁ። ሲኤምሲ ሳንደርስ ጎኔን ወጋኝ። አያትን ዛሬ አላየናትም።

ቤት ስንደርስ ዞር ብዬ ሳያት... ከአገጯ እስከ ቅንድቧ ጭቃ! ሂጃቧ ነጭ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ያንተ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ከጫማህ የተነሳ።»

ለካ ከፊት ያለው ነፋሱን፣ ከኋላ ያለው ጭቃውን ነው የሚካፈለው። ስንስቅ እማ ከውስጥ «ሰው ተኝቷል!» አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

በረዶ። ሲኤምሲ ላይ ያዘን። ጭንቅላቴ ላይ ሲወርድ ሰው ጠጠር የሚወረውርብኝ መስሎኝ ዞሬ ልሳደብ ነበር። አንድ ባንክ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ዘበኛው ጋቢውን እንደተከናነበ አየን፣ አየን...

«የማን ዕዳ ነው የወጣባችሁ?» አለ።

አባ ማታ መፍትሔ አመጣ። ሱቁ ባልዲ፣ ዣንጥላ፣ ቦቲ ጫማ ነው የሚሸጠው፤ ክረምት የሱ ወቅት ነው። ጥንድ ቦቲ አምጥቶ ሀጀር ፊት አቆመው። «ይኼው! ውሃ የሚባል አያስገባም።»

«አባ፣ በቦቲ አይሮጥም።»

«ለምን? እግር አይደለም እንዴ የሚሮጠው?»

እሁድ፣ ሐምሌ 20

አያት ሜዳ። አሰልጣኝ ገንዘቤን አየኋት። ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ፤ ዣንጥላ በብብቷ ይዛ በዝናብ የምትመታ ሴት። እሁድ እሁድ ልጆቹን ሁሉ አንድ ላይ ታሮጣለች። ሀጀር እዚያም ፀጋ ከምትባል ልጅ ኋላ ተለጥፋ ገባች። ፀጋ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ የሀጀርን የመሮጫ ጫማ የሰጠቻት እሷ ናት።

ገንዘቤ ሰዓቷን አየች። አልወደደችውም።

«ከሰኔው ንቅንቅ አላልሽም።»

ሀጀር አቀረቀረች።

«እግሯ እግር ነው» አለችኝ ገንዘቤ ለብቻዬ። «የሆነ ነገር ግን ይዟታል። እንዲህ ከሆነች መስከረምን እንርሳው። አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ወንድሟ። አሯሯጯ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አሯሯጭ? በዚህ ሆድህ?»

 ስንመለስ ሀጀር ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ላይ በጣቷ አንድ ነገር ጽፋ አጠፋችው። ምን ነበር? አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ሆዴ ጠፍቷል! ሱሪዬ በቀበቶ ነው የቆመው። ዛሬ አያት ድረስ ሄደን አንዴም ሳልቆም ተመለስኩ። ከሁሉም ከሁሉም... ሀጀርን ዛሬም ከኋላዬ አስቀረኋት። ተስፋ ያላት ሯጭ የተባለችውን!

ሙያዬን ስቼ ይሆን እንዴ? አምስት ዓመት ኮንክሪት ሳሰላ...

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

የዛሬው ጉድ ነው። ግማሹ ድንጋጤ ነው፣ ግማሹ ሳቅ።

ሰሚት መታጠፊያ ጋ አዲስ ሕንፃ ይሠራል። ጉሙ ውስጥ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ውሾች ወጡ። ትልልቅ። እኔ ሱራህ ልቅራ፣ ድንጋይ ላንሳ ስል የሆነ ነገር በጎኔ ሽው አለ። ባጃጅ መሰለኝ።

ሀጀር ናት።

ወላሂ እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ውሾቹ እሷን ተስፋ ቆርጠው ወደ እኔ ዞሩ። ደግነቱ ዘበኛው «ና! ቡቺ!» ብሎ ሰበሰባቸው። ቡቺ! ያንን የሚያህል አውሬ።

ማደያው ጋ ቆማ አገኘኋት። እኔ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነው፣ እሷ ምንም። አንገቷን ደፍታለች።

«ይቅርታ፣ ወንድም ጋሼ። ደንግጬ ነው የቀደምኩህ።»

ብላ... ከኋላዬ ገብታ ቦታዋን ያዘች። ጥቂት እንደሮጥን ቆምኩ።

«ሀጀር።»

«አቤት።»

«እንዲህ መሮጥ ትችያለሽ እንዴ?»

የሂጃቧን ጫፍ ጨመቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«...ከድሮም።»

«እና ምነው ክረምቱን ሙሉ...?»

«አንተ ፊት ነሃ።»

እንዲህ ነው ያለችው። «ዝናብ ነዋ» እንደማለት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። የሰፈሩ ልጆች በራችን ላይ ዱላቸውን እየደበደቡ ጨፈሩ፤ እማ እንደየዓመቱ ሙልሙላቸውን ሰጠች። እኔ ሐሳብ ይዞኛል። የሆነ ነገር ይዟታል ብላ ነበር ገንዘቤ... እኔ ነኝ እኮ የያዛት! ሜዳው ላይ ደግሞ ፀጋ። ታላቅ ባለበት ሁሉ ፍሬን ትይዛለች። ይሄን እያየሁ ሯጭ ሆንኩ ብዬ ሱሪ ሳጠብብ ከረምኩ?

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ምሪ» አልኳት። መራች። ግን በየደቂቃው ዞራ ታየኛለች። «ደህና ነህ?» ትላለች። ደግሞ ቀዝቀዝ ትላለች።

«ወደፊት እያየሽ ሩጪ!»

«ጀርባዬን ሰጥቼህ?»

ከጓደኛዬ ከእዝራ ብስክሌት ተዋስኩ። ብስክሌት ላይ ካለሁ እየሮጥኩ አይደለም፣ ስለዚህ መቅደም አይባልም ብዬ ነው። መላ ነበር። ኩሬ መስሎኝ የገባሁበት ጉድጓድ ሆነና እስከ ወገቤ ጠለቅኩ። ሀጀር አስፋልት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንኳን መቅደም፣ መነሳትም አቃታት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

አባን ሱቅ ሄጄ አናገርኩት። ቦቲ እየደረደረ ነበር።

«አባ፣ ሀጀር ከእኔ ትበልጣለች። በሩጫ።»

«ትቀድምሃለች?»

«አትቀድመኝም። እሱ ነው ችግሩ። ታላቋ ስለሆንኩ አልቀድምህም ትላለች። እንዲህ ከሆነች ክለቡ አይወስዳትም።»

አሰበ አሰበና... «ጥሩ አድርጌ አሳድጌያታለሁ ማለት ነው» አለ።

«አባ!»

«በል ያንን ቦቲ አቀብለኝ። የግራውን።»

አለቀ። 

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ቃለ መጠይቅ! ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ። ኮት ከእዝራ። ጥሩ እየመለስኩ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዷ ሴትዮ «ጆሮህ ሥር ያለው ምንድነው?» አለችኝ። ነካሁት። የደረቀ ጭቃ።

«በዚህ ዝናብ ትሮጣለህ?»

«በየቀኑ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ጥሩ ነው መጥፎ?

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ሰማዩ ተቀደደ። ልጆቹ በጠዋቱ ራቁታቸውን ወጥተው ዝናቡ ሥር ይዘላሉ፣ እናቶች ባልዲ ደቅነዋል። (የአባ ባልዲዎች ናቸው፣ ቀለማቸውን አውቃለሁ።) እኛም ወጣን።

መላው የመጣልኝ ጫማዬን ሳስር ነው።

«ሀጀር፣ ታላቅ ሲያዝ ምን ይባላል?»

«እሺ ይባላል።»

«እንግዲያው አዝዤሻለሁ። ቅደሚኝ። ሳታዪኝ። አያት እስክትደርሺ ከዞርሽ ተቀይሜሻለሁ።»

ቆማ አሰበች። ፊቷ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ ይታያል። አልታዘዝም ብትል ነውር፣ ብትቀድም ነውር። ከዚያ «ቢስሚላህ» አለችና... ሄደች። አፌን ከፍቼ ስለነበር የመጀመሪያው ጭቃ ቀጥታ አፌ ውስጥ ነው የገባው።

አልዞረችም! አያት ስደርስ ሰውነቷ ቀዝቅዞ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው የጠበቀችኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ፀጋን እኔ ማዘዝ አልችልም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ከየት ልጀምር?

አያት፣ አዲሱ መንገድ ላይ፣ በዙር ነው የሚሮጠው። አደይ አብቧል፤ ዝናቡ ግን አዲስ ዓመት መግባቱን የነገረው የለም። የክለቡ ሰውዬ ፊሽካውን አንጠልጥሎ «ሦስት ነው የምንወስደው» አለ። ሦስት ብቻ!

ዙሩ እያለቀ መጣ። ሦስት ልጆች ፊት አሉ፣ ከዚያ ፀጋ፣ ከዚያ የኔዋ። ልክ እንደ እሁዱ፣ ፀጋ ኋላ ተለጥፋ። ፀጋ ደክሟታል፣ ትከሻዋ ይናገራል። የኔዋ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው! ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ?

«የቷ ናት?» የሚል ድምፅ ከጎኔ።

አባ። ቅዳሜን፣ የገበያ ቀንን፣ ሱቅ ዘግቶ! በእጁ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት ዣንጥላ ይዟል።

«ያቻት። አምስተኛዋ።»

«ምነው ከኋላ ሆነች?»

«ፊቷ ያለችው ታላቋ ናት፣ አባ።»

 ገንዘቤ ከወዲያ ማዶ በድምፅዋ ሰፈሩን ታናውጣለች። ልጆቹ ዞረው መጡ፣ የመጨረሻው ዙር ነው። አባ ዣንጥላውን አጠፈ። ሁለት እርምጃ መንገዱ ውስጥ ገባ።

«ሀጀር! ሂጂ! አባትሽ ነኝ! ፈቅጄልሻለሁ፣ ሂጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፀጋ ዞር ብላ አንድ ነገር አለቻት። ማታ ነው ሀጀር የነገረችኝ፦ «አባትሽ ናቸው? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሽው። እንደ ውሾቹ ቀን። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ነው፤ ስታልፋት ፀጋ እግሯን እግሯን እያየች ተከተለቻት። አሁን ሀጀር መሪ፣ ፀጋ ተከታይ። ሦስተኛዋን አለፉ። ሁለተኛዋን መጨረሻው መስመር አጠገብ።

ሀጀር ሁለተኛ። ፀጋ ሦስተኛ። ተቃቅፈው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ድምፄ ግን እስካሁን የለም።

አባ በቀጥታ ወደ ክለቡ ሰውዬ። «ካምፑ ውስጥ ለሶላት ቦታ አለ?» አለ። «ምግቡስ? በር ላይ ዘበኛ አለ?» ሰውዬው ሁሉንም አለ አለ። አባ ራሱን ነቀነቀና ዣንጥላውን ዘረጋለት። «ያዘው፣ ጥሩ ዕቃ ነው። በስብሰሃል።»

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ሀጀር ነገ ካምፕ ትገባለች። ከፀጋ ጋር አንድ ክፍል ነው የደረሳቸው። እኔ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ የተቋራጩ ቢሮ ደውሎ ነበር። ያቺ ሴትዮ «ሯጩ አንተ ነህ?» ነው ያለችኝ ስልኩን ሳነሳ።

ጠዋት ወጣን፣ የመጨረሻችንን። ጉሙ ሄዷል። ሌሊት የጣለው ዝናብ ግን መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። አላዘዝኳትም፣ አልለመንኳትም። ሲኤምሲ ሳንደርስ በጎኔ አለፈች። «ይቅርታ» የለ፣ ምን የለ። ሮጥኩ፣ ተከተልኩ፣ ጀርባዋ እያነሰ እያነሰ... ባንኩ ጋ ያ ዘበኛ እጁን አነሳልኝ። «አመለጠችህ!» አለ።

«አመለጠችኝ!» አልኩ። ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው?

ሰፈር ስገባ በራችን ላይ ቆማለች። ከደረሰች ቆይታለች፤ ላቧ ደርቋል። በሩ ተከፍቷል። እማ ከውስጥ «ቁርስ ቀዘቀዘ!» ትላለች። እሷ ግን ወደ ጎን ጠጋ ብላ መንገዱን ለቃልኛለች።

«ግቢ እንጂ።»

«አይ፣ ወንድም ጋሼ። ቅደም።»

ገባሁ። መስታወት ፊት ስቆም ከአገጬ እስከ ቅንድቤ ጭቃ ነኝ። የሷ ነው። እስካሁን አልታጠብኩትም።